መኪናው ቢቆም ቤቱ እንዳይሄድ

ከጎንደር ተነሥቶ የወገራን ደጋ ይዞ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ አምባ ጊዮርጊስንና ገደብዬን አልፎ ዳባት ይደርሳል፤ ከዚያም ጥቂት እንደ ሄደ ደባርቅ ይገባል። ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለው ርቀት አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደባርቅ ወዲያ መንገዱ ይለያያል። አንዱ ወደ ሳንቃበር፣ ማለት በ1962 ዓ.ም. በሕግ ወደ ተከለለው ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይወጣል። ሁለተኛው በጣልያን ወረራ ዘመን ከገደሉ ላይ የተቀደደውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ይዞ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል።

በዚህ አገር መኪና ጌጥ አይደለም። ምጥ የያዛትን ሴት ሐኪም ቤት የሚያደርሳት፣ የገበሬውን ገብስና ድንች ገበያ የሚያወጣው፣ ተማሪውን ከወላጆቹ ደጅ አንሥቶ ከትምህርት ቤቱ የሚያገባው እርሱ ነው። ስለዚህ ደመወዝ መቀበል የጀመረ ወጣት ሁሉ ማታ ማታ ስለ መኪና ቢያስብ የሚያስነቅፈው ነገር የለም። የሚያስነቅፈውም የሚያስመሰግነውም ገንዘቡን ከየት አምጥቶ፣ በምን ውል፣ ምንስ አስይዞ ነው የሚገዛው የሚለው ነው።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን ወደ ደባርቅ ስንሄድ በሚኒባስ ውስጥ ያገኘነው አንድ ወጣት ሹም ነው። ሥራው ዳባት፣ የወላጆቹ ቤት ደባርቅ ነው። ሥራ ከያዘ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በክርኑ ሥር ያቀፈውን ወረቀት አይተን ምን እንደሆነ ብንጠይቀው፣ የብድር ማመልከቻ መሆኑን ነገረን።

«አባቴ ቤቱን አስይዝ ብሎኛል፤» አለ። «ከተሳካልኝ አዲስ መኪና ገዝቼ ከዳባት ደባርቅ እመላለስበታለሁ። እናንተ ብዙ ታያላችሁና፣ ይሻላል የምትሉት መንገድ ካለ እስቲ ንገሩኝ።»

እኛም ያን ጊዜ የመለስንለት መልስ አጭርና ያልበሰለ ነበር። ወደ ቤታቸው ጋብዞን ቡና ስንጠጣ ግን ጉዳዩን ከሁላችን አስቀድማ የተረዳችው እናቱ እንደሆነች ለማየት ቻልን።

እናቲቱ ስለ ማመልከቻው የሰማችው በዚያው ቀን ነው። የሰማችውም ፊርማዋ ስለሚያስፈልግ ነበር። በቤተ ሰብ ሕግ ባልና ሚስት በጋራ ያፈሩትን የማይንቀሳቀስ ንብረት አንደኛው ያለ ሁለተኛው ፈቃድ በመያዣ ሊሰጠው አይችልም። ሁለተኛውን ስኒ ቀድታ ካቀረበች በኋላ፣ ወደ ልጅዋ ዞር ብላ እንዲህ አለችው፦

«ልጄ፣ ደግ አስበሃል፤ እኔም ስትነዳ ባይህ ደስታዬ ነው። ግን መኪናው የቆመ ዕለት ቤቱ ይሄዳል ወይስ ይቆማል?»

አባቱ ዝም አለ፤ ወጣቱም ዝም አለ። እኛም ብንሆን ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አልነበረንም። ከዚያ ወዲህ ጊዜ ወስደን አስበንበታል፤ ያሰብነውንም እነሆ ለአንባቢያችን እናቀርባለን።

የደመወዝ ልክ

በመጀመሪያ ወጣቱ ሹም ራሱን ሊመዝን ይገባዋል። የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሻሻል፣ በመጀመሪያ ዲግሪ ለሚቀጠር ሰው መነሻው 11,500 ብር ሆኗል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛው የወር ደመወዝ ላይ የሚቆረጠው ሁሉ ከሲሶው እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አዋጁ የመንግሥትን ሠራተኛ የሚመለከት ባይሆንም፣ ልኩ ግን ለማንኛውም ሰው መልካም መለኪያ ነው። የ11,500 ብር ሲሶ 3,833 ብር ነው። ይህም ግብሩና የጡረታው መዋጮ ሳይነሣ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ መኪናው እንምጣ። የመኪና ዋጋ በየጊዜው የሚለዋወጥ ስለሆነ፣ ስሌቱ እንዲቀልልን መኪናው 1,000,000 ብር ያወጣል እንበል። ገዢው 400,000 ብር ቅድሚያ ከፍሎ 600,000 ብር ቢበደር፣ ወለዱም በዓመት 17 በመቶ ቢሆን፣ ዕዳውን በአራት ዓመት ለመጨረስ በየወሩ 17,313 ብር ያህል መክፈል አለበት። ይህ ከሙሉ ደመወዙ በላይ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው እውነት ይኸው ነው፤ ወጣት ሹም በደመወዙ ብቻ አዲስ መኪና ሊገዛ አይችልም። እገዛለሁ ቢል ወይ መኪናው ራሱ ሠርቶ መክፈል አለበት፤ ወይ ዕዳው በብዙ ትከሻ መከፋፈል አለበት፤ ወይም ደግሞ የአባትና የእናት ቤት ይይዝለታል። ሦስተኛው መንገድ ቀላል መስሎ የሚታየው መንገዱ የሚያስከፍለው የመጨረሻ ቀን ላይ ስለሆነ ነው።

የባንክ ብድር

የባንክ ብድር መልካም ጎኑ ጽሕፈትና ሥርዓት ያለው መሆኑ ነው። ተበዳሪው ዕዳውን፣ ወለዱንና የመጨረሻውን ቀን ያውቃል። ይሁን እንጂ ከመፈረሙ በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይኖርበታል። ይኸውም «ወለዱ የሚታሰበው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ በመጀመሪያው ብድር ላይ?» የሚል ነው።

ልዩነቱ እንዲህ ነው። ከላይ ያየነው 17 በመቶ የሚታሰበው በቀሪው ዕዳ ላይ ከሆነ፣ በአራት ዓመት ውስጥ የሚከፈለው ወለድ 231,000 ብር ያህል ነው። ያው 17 በመቶ በመጀመሪያው 600,000 ብር ላይ በየዓመቱ የሚታሰብ ከሆነ ግን፣ ወለዱ በዓመት 102,000፣ በአራት ዓመት 408,000 ብር ይሆናል። የወሩ ክፍያም 21,000 ብር ይደርሳል። ዕዳው በየወሩ እየቀለለ ሲሄድ ወለዱ አልቀለለምና፣ እውነተኛው ወለድ ወደ 28 በመቶ ይጠጋል ማለት ነው። ቁጥሩ በሁለቱም ውል ላይ 17 ተብሎ ተጽፏል። ኪስ የሚያውቀው ግን ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

ሌላው ወጣቶችን የሚያታልለው የጊዜው መርዘም ነው። ያው ብድር በአራት ዓመት መሆኑ ቀርቶ በአምስት ዓመት የሚከፈል ቢሆን፣ የወሩ ክፍያ ከ17,313 ወደ 14,912 ብር ይወርዳል። ይህ እፎይታ መስሎ ይታያል። ነገር ግን የወለዱ ድምር ከ231,000 ወደ 295,000 ብር ያህል ከፍ ይላል። በወር ለተገኘው የ2,400 ብር እፎይታ የተከፈለው ዋጋ ወደ 64,000 ብር የሚጠጋ ነው።

ብድር ሲፈለግ ሁሉ የሚገኝ ነገር አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባል። ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት ሲል በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ወሰነ። በ2017 ዓ.ም. ይህን ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው። እንዲህ ያለ ጣሪያ ሲኖር፣ ባንክ ላለው ጥቂት ገንዘብ የሚመርጠው ጠንካራ መያዣና ቋሚ ገቢ ያለውን ተበዳሪ ነው። ወጣቱ ሹም ተራው ሳይደርስ ቢቀር ሊያስገርመው አይገባም።

ቤት ስለ ማስያዝ

የእናቲቱ ጥያቄ ያለው እዚህ ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት፣ ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለ ባንኩ ቢያንስ የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በመያዣ የያዘውን ንብረት በሐራጅ ለመሸጥ ይችላል። ለዚህም ፍርድ ቤት ከስሶ ማስፈረድ አያስፈልገውም። ባንኩ ያበደረው የሌላውን ሕዝብ ተቀማጭ ስለሆነ ይህን ማድረጉ የሚያስወቅሰው አይደለም። የሚያሳዝነው መኪናውን ያልነዱት አባትና እናት በሽምግልናቸው ከቤታቸው መውጣታቸው ነው።

ከዚህ የሚሻለው የሚገዛው መኪና ራሱ መያዣ እንዲሆን ማድረግ ነው። በዚህ ዓይነት ውል ሊብሬው ላይ እግድ ይመዘገባል፤ ዕዳው እስኪያልቅ ድረስም መኪናው ሊሸጥ ወይም ስሙ ሊዛወር አይችልም። ክፉ ቀን ቢመጣ የሚሄደው መኪናው ነው፤ ቤቱ ባለበት ይቆያል። አበዳሪው በዚህ ዓይነት ሲያበድር ከፍ ያለ ቅድሚያ ክፍያና ሙሉ ኢንሹራንስ ይጠይቃል። ይህ ለጊዜው ከበድ ቢልም ተበዳሪውን ከአቅሙ በላይ እንዳይዘል ልጓም ይሆንለታል። በሚንቀሳቀስ ንብረት ስለሚሰጥ ዋስትና የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ በሬውን፣ እህሉንና የሥራ ዕቃውን ሳይቀር አስመዝግቦ በመያዣ ለመስጠት በር ከፍቷል። ስለዚህ ቤት ብቸኛው መያዣ የነበረበት ዘመን አልፏል ማለት ይቻላል።

ወለድ መክፈልም ሆነ መቀበል በሃይማኖቱ የማይፈቀድለት አንባቢም መንገድ አለው። ከወለድ ነፃ በሆነው አገልግሎት ባንኩ መኪናውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን አስቀድሞ አስታውቆ፣ በጊዜ ክፍያ ለደንበኛው ይሸጥለታል፤ ስሙም ሙራባሃ ይባላል። እዚህም ላይ ቢሆን ገዢው የጥሬ ዋጋውንና የመጨረሻውን ድምር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማስተያየት አለበት።

ዕቁብና የቁጠባ ማኅበር

የአገራችን ሰው ባንክ ሳያውቅ ዕቁብን ያውቅ ነበር። ዕቁብ ወለድ የለውም፤ ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ጠርቶ ገንዘቡን ይቀበላል። ለምሳሌ ሃያ አምስት ሰዎች በወር 4,000 ብር ቢጥሉ፣ ዕጣው 100,000 ብር ይሆናል። ዕቁቡም በሃያ አምስት ወር ያልቃል።

ነገር ግን በዕቁብ ውስጥ ዋጋ የለም ማለት አይደለም። በመጀመሪያው ወር የወጣለት ሰው ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፤ በሃያ አምስተኛው ወር የወጣለት ደግሞ ያለ ወለድ አበደረ ማለት ነው። ገንዘብ ዋጋውን ጠብቆ በሚቆይበት ጊዜ ይህ ብዙ አይጎዳም። ዋጋ ሲንር ግን የመጨረሻው ባለ ዕጣ ይጎዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመነዘር በተወሰነ ጊዜ፣ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። መኪና በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ዕቃ ነውና፣ ዕጣዋ ከዚያ በፊት የወጣላትና ከዚያ በኋላ የወጣላት ሁለት እኅትማማቾች እኩል ጥለው እኩል ዕቃ ሊገዙ አይችሉም። ቸኩሎ ተራውን በቅናሽ የሚገዛም ሰው ወለድ አልከፈልሁም ቢል ራሱን ማታለሉ ነው፤ የቀነሰለት ገንዘብ ወለዱ ነው።

ስለዚህ ዕቁብ መኪናውን በሙሉ ለመግዛት ሳይሆን ቅድሚያ ክፍያውን ለማጠራቀም የተመቸ ነው። በመሥሪያ ቤት የሚቋቋም የቁጠባና የብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ደግሞ ከዕቁብ አንድ እርምጃ አልፎ ይሄዳል። አባሉ አስቀድሞ ይቆጥባል፤ የቆጠበውንም ያህል እየታየ ይበደራል፤ የከፈለው ወለድ ተመልሶ የአባላቱ ትርፍ ይሆናል። የሚያበድረው ገንዘብ ለመኪና የማይበቃ ሊሆን ይችላል። ግን ወጣቱን በየወሩ ገንዘብ እንዲያስቀምጥ ማስለመዱ ራሱ ትልቅ ትርፍ ነው።

በዓለም ላይም ይኸው ጥያቄ ሲነሣ ኖሯል። ጀኔራል ሞተርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1919 መኪና በዱቤ ለሚገዙ ሰዎች የሚያበድር ድርጅት አቋቋመ። ሄንሪ ፎርድ ግን ዱቤን የማይወድ ሰው ነበርና፣ በ1923 ሌላ ዘዴ አመጣ። ይኸውም ገዢው በየሳምንቱ ጥቂት ዶላር እያስቀመጠ ዋጋው ሲሞላ መኪናውን ይረከባል የሚል ነበር። ሕዝቡ ግን ከፍሎ ከመጠበቅ ይልቅ ነድቶ መክፈልን መረጠ፤ የፎርድም ዘዴ ሳይሳካ ቀረ። ከዚህ የምንማረው ፎርድ ተሳስቶ ነበር የሚለውን ብቻ አይደለም። የሰው ልጅ መጠበቅን የሚጠላ መሆኑንና ዱቤ ሻጩም የሚያተርፈው በዚሁ ጥላቻ መሆኑን ጭምር ነው።

ከግለሰብ ስለ መበደርና በውክልና ስለ መግዛት

አንዳንድ ወጣት ከባንኩ ወረፋ የባለጠጋው ቤት ይቀርበኛል ይላል። ለዚህ ሰው የምንመክረው በ1952 ዓ.ም. የታወጀውን የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲያውቅ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት በግለሰቦች መካከል በሚደረግ ብድር ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ ሊበልጥ አይችልም፤ ወለዱ በጽሑፍ ካልተወሰነም 9 በመቶ ነው። ያልተከፈለው ወለድ ራሱ ወለድ እንዲወልድ አስቀድሞ መዋዋል የተከለከለ ነው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ደግሞ በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም። በወር አሥር በመቶ የሚያስከፍል ሰው የሚያበድረው በሕግ አይደለም፤ በጨለማ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የሰው መኪና በውክልና መግዛት ነው። ስም የማዛወሩን ወጪ ለመሸሽ ብሎ ውክልና ብቻ ተቀብሎ የሚነዳ ሰው መኪናው የርሱ አይደለም። ውክልና ወካዩ ሲሞት ቀሪ የሚሆን ነገር ስለሆነ፣ ወራሾች በመጡ ጊዜ ገዢው ሊብሬ በሌለው እጁ ፍርድ ቤት ይቆማል። ሻጩም ቢሆን አይድንም። በፍትሐ ብሔር ሕግ ባለ ተሽከርካሪ መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኀላፊ ነውና፣ ስሙ ካልተፋቀ ነገሩ ወደርሱ ይመጣል።

የደጋው አገር የሚጠይቀው ሌላ ወጪ

መኪና ተገዝቶ አያበቃም። በየዓመቱ ቦሎ አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የታዘዘው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ አለ፤ ጐማ፣ ፍሬንና ጋራዥ አለ። መኪናው ለሕዝብ ማመላለሻ የሚውል ከሆነ የሾፌርና የረዳት ደመወዝ፣ በመናኸሪያም የስምሪት ተራ አለ። ሊማሊሞን የሚወርድ መኪና በሜዳ ከሚሄደው ይልቅ ፍሬኑን ቶሎ እንደሚጨርስ ሾፌሮቹ ሳይነገራቸው ያውቁታል።

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር በባሕር ጠረፍ ካለው ጉልበት አንድ አራተኛ ያህሉን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ይህ አያገኘውም፤ ቁልቁለትም ሲወርድ ከጉልበቱ ጥቂቱን ወደ ባትሪው ይመልሳል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ለወጣቱ «አዲስ መኪና» ማለት በአብዛኛው የኤሌክትሪክ መኪና ማለት ሆኗል። ይሁን እንጂ የደጋ ብርድ የባትሪውን ጉዞ ያሳጥረዋል። ስለዚህ ገዢው ከመፈረሙ በፊት መብራት በየስንት ቀኑ እንደሚጠፋ፣ ባትሪውንም የት እንደሚሞላና ማን እንደሚጠግነው ጠይቆ ይረዳ። መኪናው ሲያረጅ ዋጋው ይጨምራል የሚለው የአገራችን ልማድም ለባትሪ እንደሚሠራ ማንም ዋስ አይሆነውም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መንገዱ የሚዘጋበት ቀን ነው። በክረምት ጉምና ናዳ አለ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ድረስ ደርሶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል በተነሣው ግጭትም መንገድ የተዘጋበትና ጎብኚ የቀረበት ጊዜ ነበር። በተራው የኢንሹራንስ ውል ውስጥ ጦርነትና ሁከት የሚያደርሱት ጥፋት የማይገባ ስለሆነ፣ ይህን የሚፈልግ ሰው ተጨማሪ ከፍሎ በተለይ መዋዋል አለበት። መንገድ ሲዘጋ መኪናው ይቆማል፤ ተሳፋሪም ገቢም ይቆማል። የማይቆመው የብድሩ ወለድ ብቻ ነው። የደባርቋ እናት ይህን ሁሉ ሕግና ቁጥር ሳታነብ በአንድ ጥያቄ ጠቅልላ ጠይቃው ነበር።

ምን ተወሰነ?

ወጣቱ በዚያ ቀን ማመልከቻውን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጎንደር ላይ ባገኘነው ጊዜ ነገሩ ሌላ መልክ ይዞ ነበር። እርሱና ሦስት የሥራ ጓደኞቹ፣ ለየብቻ አንድ አንድ መኪና መመኘታቸውን ትተው፣ በዳባትና በደባርቅ መካከል የሚሠራ አንድ መኪና በጋራ ለመግዛት ተስማምተዋል። ቅድሚያ ክፍያውን በዕቁብ ያጠራቅማሉ፤ ዕጣ የወጣለትም ገንዘቡን በአራቱ ስም በተከፈተ ሒሳብ ያስቀምጣል። መያዣው መኪናው ራሱ ይሆናል፤ የማንም ወላጅ ቤት አይያዝም።

እኛም ወረቀት አውጥተን በቀደመው ምሳሌ አሰብንላቸው። ቅድሚያው 400,000 ብር ለአራት ሲካፈል ለያንዳንዱ 100,000 ብር ይደርሳል፤ ይህም ቀደም ብለን የጠቀስነው የሃያ አምስት ሰው ዕቁብ አንድ ዕጣ ነው። የወሩ ክፍያ 17,313 ብር ለአራት ሲካፈል ለያንዳንዱ 4,328 ብር ይሆናል። ይህ ከደመወዛቸው ሲሶ በ500 ብር ያህል ይበልጣል። መኪናው ወር ሙሉ ቢቆምም እንኳ፣ አራቱ ወገባቸውን ጠበቅ አድርገው ዕዳውን ሊከፍሉ ይችላሉ። ከጓደኞቹ አንዱ ግን ዋጋው ከምሳሌያችን እጥፍ ቢሆንስ ብሎ ጠየቀን። ያን ጊዜ ድርሻቸውም እጥፍ ይሆናልና መልሳችን አጭር ነበር፤ ወይ ተጨማሪ ሰው ፈልጉ፣ ወይ ቅድሚያውን ከፍ አድርጉ፣ ወይ ጊዜ ጠብቁ አልናቸው።

አንድ ነገር ብቻ አሳስበናቸው ተለያየን። ይኸውም ውላቸው በጽሑፍ እንዲሆን ነው። ከአራቱ አንዱ ቢዛወር፣ ቢያገባ፣ ቢታመም ወይም ቢሞት ድርሻው ለማን እንደሚሆን፣ መኪናው አደጋ ቢያደርስ ኀላፊነቱ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ሒሳቡን ማን እንደሚይዝና ማን እንደሚመረምረው አስቀድመው ይጻፉት። እንደዚሁም የመሥሪያ ቤታቸው ደንብ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚፈቅድላቸው መሆኑን ይጠይቁ። ጓደኝነት ገንዘብ ያላየው ጊዜ ሁሉ ጽኑ ነው። ገንዘብ ከመጣ በኋላ ጓደኝነትን ከጥርጣሬ የሚጠብቀው ጽሕፈት ነው።

ይህ የአራቱ አሳብ ይሳካ አይሳካ አሁን መናገር አይቻልም። መንገዱም ገበያውም የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ነገር ግን ባይሳካ እንኳ የሚጠፋው እነርሱ ራሳቸው ያጠራቀሙትና እነርሱ ራሳቸው የገዙት ነው። በደባርቅ ያለው ቤት፣ እናቲቱም ቡናዋን የምታፈላበት ምድጃ በቦታው ይኖራል።

እንግዲህ ለአንባቢያችን፣ በተለይም ለተማሪዎችና ሥራ ለጀመራችሁ ወጣቶች፣ ከዚህ ሁሉ የምናወጣው ምክር አጭር ነው። መንገዱን በወለዱ ቁጥር ብቻ አትምረጡት። የትኛውም መንገድ ሲቀርብላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ድምሩ ስንት ነው? መያዣው የማን ነው? መኪናው ለአንድ ወር ቢቆም ዕዳው ከምን ይከፈላል? ለሦስቱ መልስ ካላችሁ በርቱ፤ ግዙ፤ አገሩም መኪና ይፈልጋል። መልስ ከሌላችሁ ግን ጊዜ ስጡት። አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ሲሉ የነቀፉት ብድርን አይደለም፤ ያለ ጊዜው የመጣውን ብድር ነው። ደግሞም ተቀምጠው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል ብለዋል። ብዕር ይዞ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተፈረመ ዕዳም እንደዚሁ ነው።